በቁሙ የተለቀሰለት ሰው

ውብሸት ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት የምጽፈውን ከየት እንዳገኘሁት መናገር ይገባኛል፤ በእኔ ዕድሜ የደረሰ ሰው ያየውንም፣ የሰማውንም፣ ቢሆን ብሎ የተመኘውንም ቀላቅሎ ይዞ ይዞራልና። ደብረ ብርሃን በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ አብረን ስንሠራ ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። የእናቱን ለቅሶ የማውቀው ከራሱ አፍ ነው፤ እኔ እዚያ አልነበርሁም። የዚያን ቅዳሜ ነገር ግን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ያም ሆኖ አብረውኝ የነበሩ ሁለት ሰዎችን ስጠይቅ አንደኛው እኔ ከማስታውሰው ግማሹን አላስታወሰም፤ ሌላው ደግሞ እኔ ያላየሁትን ጨመረልኝ። ስለዚህ አንባቢ «አለ» ብዬ የጻፍሁትን «እንዳለ ይመስለኛል» ብሎ ቢያነብልኝ ውለታ ዋለልኝ ማለት ነው።

ውብሸት የሒሳብ መምህር ነበር። የተወለደው አንኮበር ነው፤ በልጅነቱ በዲቁና አገልግሏል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመድ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊያነሣ የጎነበሰ የሚመስል ሰው ነበር። ባልደረቦቹ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ግን ስንብቱን ነው። ከስብሰባ ሲነሣ እየዞረ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠራ ይጨብጣል። ለምሳ ስንለያይ ይሰናበታል፤ ከሰዓት በኋላ እንደምንገናኝ እያወቀ ይሰናበታል። ይህ ያስቀንም ያሰለቸንም ነበር።

«ውብሸት፣ ሽንት ቤት ስትሄድም ተሰናብተኸን ሂድ እንጂ!» አለው አንድ ቀን የታሪክ መምህሩ።

«ብዘገይስ ብለህ ነው?» ብሎ መለሰለትና ተነሥቶ ጨበጠው።

ለቅሶ የሚባል አያመልጠውም። ሆኖም በቀብር ላይ አጠገቡ መቆም ያሳፍር ነበር። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ፣ ሴቶቹ ደረት ሲመቱ፣ እሱ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ፊቱ ላይም ፈገግታ የሚመስል ነገር ይታያል። አንድ ጊዜ ከቀብር ስንመለስ ሰው እንደሚያማው ነገርሁት።

«ፍትሐቱን አዳምጠኸው ታውቃለህ?» አለኝ። «ካህኑ የሚያነቡት መንገድ ለሚሄድ ሰው ነው፤ ለጠፋ ሰው አይደለም። መንገደኛ ፊት ለምን እጮኻለሁ? እንደ ደንቡ ሸኝቼው እመለሳለሁ።»

ያን ጊዜ ይህ አነጋገሩ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ተስፋ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ተስፋው ያልደረሰለትን ሰው ይረግጣል፤ ውብሸትም ረግጧል። የረገጠውም የገዛ እህቱን ነው።

ታላቅ እህቱ እትዬ በለጥሻቸው ይባላሉ። የሚኖሩት አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ ነው። እናታቸው በደዌ ተይዘው አልጋ ላይ በዋሉበት ዘመን ያገላብጡ፣ ያጥቡ፣ ያጎርሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ውብሸት ያን ጊዜ ገና ወጣት መምህር ሆኖ ወለጋ ተመድቦ ነበር። እናቱ ማረፋቸው ዘግይቶ ተነገረው፤ በዝናብና በተበላሸ መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ሣልስት ሆኗል። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ እሱን አይቶ ለቅሶውን እንደ አዲስ ሊጀምር ተነሣ። ውብሸት ግን አላለቀሰም። እየሳቀ፣ ይህን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እየሳቀ ሴቶቹን እጃቸውን ይዞ ያስቀምጣቸው ጀመር።

«እናታችን እኮ ዐረፈች! ከሕመሟ ዐረፈች! ደስ ይበላችሁ እንጂ፣ የት እንደሄደች አታውቁም?»

እትዬ በለጥሻቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት እንዲህ አሉት፦ «ያጠብኋት እኔ ነኝ። ቁስሏን ያየሁት እኔ ነኝ። አንተ በሦስተኛው ቀን መጥተህ በሳቅ ትቀብራታለህ? በማርያም ምያለሁ፤ አንተ ስትሞት ከዓይኔ አንዲት እንባ አትወጣም!»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። በዘመድ ሠርግ ላይ ቢገናኙ አንዱ ከአንዱ ጥግ፣ አንዱ ከሌላው ጥግ ይቀመጣሉ። ውብሸት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ደጋግሞ። እትዬ በለጥሻቸው ሽማግሌዎቹን በክብር አስገብተው፣ አብልተው፣ አጠጥተው «በጤና ይኑርልኝ፤ እኔ ግን ምያለሁ» ብለው ይሸኟቸው ነበር።

ውብሸት ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ባለፈው ዓመት ሕመሙ ጠናበት። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ከእንግዲህ ቤቱ ሆኖ እንዲታገሥ ነግረውት ሲመለስ ልጠይቀው ሄድሁ። ወደ አንኮበር በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው» አለኝ ሰላምታ ሳንጨርስ።

ቁም ተዝካር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ልጅ የሌለው፣ ከሞተም በኋላ የሚያስታውሰው መኖሩን የሚጠራጠር ሰው፣ ተዝካሩን ሳይሞት በቁሙ ያወጣል። ዛሬ ዛሬ ካህናቱ ራሳቸው ብዙም አያበረታቱትም፤ ዘመድም እንደ ስድብ ይቆጥረዋል፣ «አታስታውሱኝም» ማለት ነውና። ይህንኑ ነገርሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «የንስሐ አባቴም ነግረውኛል፤ ድግሱን ለተራበ ካበላኸው ግን እባርካለሁ ብለዋል። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። እትዬ ለድግስ ተጠርታ አትመጣም፤ እኔ ስሞትም አትመጣም፣ ምላለች። ይኼ ድግስም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ነው። ምናልባት መሐላዋ አያውቀው ይሆናል። ሳልሞት ከአፏ አንዲት ቃል ብሰማ ይበቃኛል። ስድብም ቢሆን።»

«ስድብ ከሆነስ?»

«ስድብ ከሆነ ተሰድቤ እሄዳለኋ! ሳንሰናበት ከምቀር ይሻላል።»

ሁለት ሽማግሌዎች ጎረቤላ ላከ። በዚህኛው ጊዜ እትዬ በለጥሻቸው በር ላይ ቆመው «ስለ ውብሸት ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ፤ ተመለሱ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ እንኳ ሳይናገሩ ተመለሱ። ስለዚህ ጎረቤላ ውስጥ መታመሙንም ሆነ ድግሱን የሰማ ዘመድ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ችግር የእድሩ ነበር። ውብሸት ራሱ መሄድ ስላልቻለ የእድሩን ሊቀ መንበር አቶ ማሞን ቤቱ ጠራቸው፤ እኔም ነበርሁ።

«ነጩን ድንኳን ለሠርግ እናከራያለን» አሉ አቶ ማሞ፣ «ያኛውን ለሐዘን በነፃ እናወጣለን። ያንተ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ነው።»

«ሁለቱም የሚባል ነገር በደንባችን የለም። ሐዘን ከሆነ ሟቹ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተማ ይኸው ትከራከረኛለህ!»

«ተኝቼ ልከራከር?»

አቶ ማሞ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ከሳቁ በኋላም ተቆጡ። «አንተ ሰው፣ በሞት አይቀለድም! በል እሺ፣ ሠርግ ነው ብለን እንያዘው። ሙሽሪት ማን ናት?»

«እሷንማ ስደርስ አያታለሁ» አለ ውብሸት።

ወሩ ጥር ነበር፤ ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ደርቷል። ነጩ ድንኳን ቀድሞ ተይዞ ስለነበር የተሰጠን ያ ሌላው፣ በዝናብ ብዛት አረንጓዴው የደበዘዘው፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሩቅ ያየው ሁሉ «ማን ሞተ?» የሚልበት ድንኳን ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በበሩ ላይ ተተከለ። ይህ ምን እንደሚያመጣ ከመካከላችን ማንም አላሰበም። በዚያ መንገድ ወደ ጎረቤላ የሚወርድ ሚኒባስ ሁሉ በዚያ በር ያልፋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ድንኳኑን አየ፤ «ውብሸት ሞቷል» ብሎ እዚያው ሆኖ ጎረቤላ ደወለ።

ቅዳሜ ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ውብሸት ነጭ ለብሶ ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከጥግ፣ ድጋፍ ባለው ወንበር ተቀምጧል። ጥቂት የቀድሞ ባልደረቦች መጥተናል። የቀሩት እንግዶች ከወለጋ ተፈናቅለው በከተማው መጠለያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ለእነሱ ነበር በሬው የታረደው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሲመርቁት ያሉትን አልረሳም፤ ይህን ሁለቱም ምስክሮቼ ይስማሙበታል።

«እኛ» አሉ፣ «የሞተብንን ሳንቀብር፣ ደጃችንን ሳንዘጋ ነው የወጣነው። ሰው ተሰናብቶ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ልናይ መጣን። እግዜር መንገድዎን ያቅናልዎ።»

ምርቃቱ አልቆ «አሜን» ስንል ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

መኪና ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሰዎች ይወርዳሉ። ከፊት እትዬ በለጥሻቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወገባቸውን አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ ይመጣሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ወፍራምና የተሰነጠቀ ነው።

«ተቀይሜህ ኖሬ፣ አኩርፌህ ኖሬ፣
ማንን ላኮርፍ ነው የምትሄደው ዛሬ?»

ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ተቀበሏቸው። እሳቸው ቀጠሉ።

«ለእናታችን ንገር፣ ከደጇ ስትደርስ፣
ምያለሁ ያለችው ተገኘች ስታለቅስ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ሁላችንም እናስታውሳለን። ሁለተኛዎቹን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያሉትን ሰምቼ ይሁን፣ የተሰበረ ነገር ሰምቼ በኋላ ራሴ ጠግኜው ይሁን፣ መማል አልችልም።

ውብሸትን አየሁት። ሰማይ ሰማይ አላየም። አፉን በጋቢው ጫፍ ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለቅሳል። በዚያ ሁሉ ዘመን ወዳጅነታችን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ፤ ልደግፈው ብል በእጁ ከለከለኝ። ከድንኳኑ ወጣ።

«እትዬ» አለ፣ «እኔ ነኝ። አለሁ።»

ሴቶቹ ጮኸው ወደ ኋላ ሸሹ። አንዷ አማተበች። እትዬ በለጥሻቸው ግን ባሉበት ቆሙ። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀርቷል።

«ሞቷል ብለው ነው ያመጡኝ» አሉ።

«ሐኪሞቹም እንደዚያው ነው ያሉት። ትንሽ ቀድመሻል እንጂ አልተሳሳትሽም።»

«ትቀልዳለህ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እናቴን በሳቅ ቀበርህ። አሁን ደግሞ በእንባዬ ደገስህበት?»

«እትዬ፣ እኔ አላስጠራሁሽም። ድንኳኑ ነው…»

«ተወው!»

አብሯቸው የመጣ አንድ የዘመድ ልጅ መሃል ገባ። «ጋሼ፣ ዘመድ እንደሌለው ሰው ቁም ተዝካር ያወጣሉ? እኛ ምን አደረግንዎት? ነገ ገበያ ለገበያ የሚወራብን እኛ ነን!»

«ና ግባና ብላ፤ ከዚያ ስደበኝ» አለው ውብሸት፤ ዓይኑን ግን ከእህቱ ላይ አልነቀለም።

እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ዞሩ። ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወደ መኪናው ሲገቡ ውብሸት እንደ ሕፃን ጮኸ፦

«እትዬ! እንሰናበት እንጂ! እትዬ!»

አልዞሩም። መኪናው ሄደ።

ወደ ድንኳኑ መልሰን ስናስገባው እንግዶቹ የያዙትን ጉርሻ አስቀምጠው ነበር። ውብሸት ተቀመጠ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅን። «ብሉ» አለ። «ሰማችሁ አይደል? እኔም ሰማሁ። ሰው ይህ የሚባልለት ጆሮው ከተደፈነ በኋላ ነው። ለእኔ በቁሜ ተባለልኝ። ብሉ እንጂ፣ ደስ ያለው ሰው ቤት ነው ያላችሁት!»

ደስ ብሎት ነበር? እንደዚያ ይል ነበር፤ ፊቱም አይዋሽም ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ምግቡ አልወረደልኝም። የሰማው ሙሾ ለሞተ ውብሸት የተባለ ነው፤ ሕያው ሆኖ ሲወጣላቸው እህቱ ጀርባቸውን ሰጡት። የፈለገው አንዲት ቃል ነበር፤ ያገኘው ቃል ለእሱ አልነበረም። ይህን እያወቅሁ እንዴት አብሬው ልደሰት?

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እጎበኘው ነበር። አንድ ቀን፣ በጾሙ ወቅት ይመስለኛል፣ ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ ልክ ነበረች። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ። ሊያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። እኔ ከእሱ የበለጥሁ አማኝ ልሁን ብዬ ነው ለእናቴ ያላለቀስሁላት? ተስፋዬ እውነት ነው፤ ዛሬም አምነዋለሁ። ግን ሴትዮዋ ቁስል ስታጥብ ከርማ ዓይኗ ሳይደርቅ ተስፋዬን ፊቷ ላይ ወረወርሁባት። ከሄድሁ በኋላ ጎረቤላ ውረድና ንገርልኝ። ያን ቅዳሜ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ያለቀስሁት ለእናታችን ነው በልልኝ።»

«ራስህ ብትነግራት?»

«በሯን ለእኔ አትከፍትም። ለአንተ ትከፍት ይሆናል፤ ለመምህር ታፍራለች።»

ክረምቱ ሲገባ ሞተ። ያው ድንኳን ተተከለ፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም አልተከራከረም። ወደ ጎረቤላ የተደወለው እኔ ፊት ነው። ከዘመድ ሁለት ወንዶች መጡ። እትዬ በለጥሻቸው አልመጡም። ዝናብ ውስጥ ቆመን አንዲት ሴት ሳትጮህ ቀበርነው። ሰባኪው ስለ ትንሣኤ ብዙና ጥሩ ነገር ተናገረ፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ያን ቀን እንደ ዝናቡ በላዬ ላይ ወርዶ አለፈ። ሲሰናበት የኖረ ሰው የሚሰናበተው ዘመድ አጥቶ ሄደ እያልሁ በእትዬ በለጥሻቸው ላይ ልቤ መረረ።

አርባው ካለፈ በኋላ አደራዬን ልወጣ ጎረቤላ ወረድሁ። ጭጋጉ ቤትን ከቤት አያስለይም። እትዬ በለጥሻቸው ከፈቱልኝ፤ አስቀመጡኝም። ጥቁር ለብሰዋል። የተላክሁበትን ቃል በቃል ነገርኋቸው፤ ለእናታቸው ማልቀሱን፣ «እትዬ ልክ ነበረች» ማለቱን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ጨረሱ፣ መምህር?» አሉ።

«ጨርሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀብሩ ላይ ለምን ቀሩ?»

«ሁለት ጊዜ ይለቀሳል እንዴ?» አሉና ተነሡ። «ጭጋጉ ሳይብስ ይሂዱ። ለእግርዎ ይጠንቀቁ፤ ደጁ ያንሸራትታል።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ያን ጊዜ መልሳቸው ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ በንዴት ተመለስሁ።

አሁን የምጽፈውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከተፈናቃዮቹ አንዷ ናቸው፤ ከጎረቤላ ነጭ ሽንኩርት እያመጡ ደብረ ብርሃን ይሸጣሉ። ከእሳቸው ልገዛ ቆሜ የውብሸት ስም ተነሣ። ያን ቅዳሜ ጧት ሽንኩርታቸውን ጭነው ከእነ እትዬ በለጥሻቸው ጋር በአንድ መኪና እንደመጡ ነገሩኝ። የተቀመጡት ከአንዲት አሮጊት ጎን ነበር፤ ማን እንደሆኑ ያን ጊዜ አያውቁም። ከተማው መግቢያ ሲደርሱ ስለ ለቅሶው ሲወራ ሰምተው ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ አሉና «እማማ፣ ሰውየው እኮ አልሞቱም፤ ድግስ ነው፤ እኛም የመጠለያው ሰዎች ተጠርተናል» አሏቸው።

«እና ምን አሉ?»

«ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝና ‘ዝም በይ፣ ልጄ’ አሉኝ። ከዚያ ድንኳኑ ታየ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።»

«ሰምተውዎት ይመስልዎታል?»

ወይዘሮ ዘነበች ሽንኩርቱን መመዘኑን አቆሙ። «እንግዲህ ሞተሩ ይጮሃል፤ መንገዱም ኮረኮንች ነው። የሰሙኝ መሰለኝ። ለቀስተኛ ደግሞ የሚያጽናናውን ሰው ሁሉ ዝም በይ ይላል።»

ሰምተው ከሆነ ያን ሙሾ ያወረዱት ሕያው ሆኖ እንደሚሰማቸው እያወቁ ነው፤ መሐላቸውን የፈቱትም ጆሮ ላለው ወንድማቸው ነው፤ ቁጣቸውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሸፈኛ ነበር ማለት ነው። ካልሰሙ ደግሞ ውብሸት የተደሰተው በስሕተት ነው። ልጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ቀርቻለሁ። እውነትም ቢሆን ባይሆንም «አልሰማሁም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ወይዘሮ ዘነበች አንድ ነገር ጨምረውልኛል። እትዬ በለጥሻቸው ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ ይላሉ፤ ከሩቅ እንዲሰማ ሊናገር እንደተዘጋጀ ሰው። ይህን ከእሳቸው ሌላ ያየ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።